ስሜን ሱሉልታ ላይ መልሱልኝ

መኪና ስሸጥ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ከነገሩ በኋላ የመጨረሻዬ ይሆናል ብዬ ምዬ ነበር፤ ግን ከዚያ ወዲህ ሁለት ሸጫለሁ፣ ሁለቱንም ያለ ደላላ።

ሱሉልታ ውስጥ ወተት ሰብሳቢ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ገበሬው ያለበውን በጄሪካን ይዞ ይመጣል፤ እለካለሁ፣ ውሃ ገብቶበት እንደሆነ አያለሁ፣ ከዚያ እንጦጦን ተሻግሬ አዲስ አበባ ላሉ ካፌዎች አደርሳለሁ። ዘጠኝ ዓመት ይህን የሠራሁት ከኋላም ወንበር ባላት አንዲት ነጭ ፒካፕ ነው። ራሴ ነድቼ፣ ራሴ ጭኜ፣ ዘይቷን ራሴ ቀይሬ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሞተሯ አንድም ቀን አልተከፈተም። ይህን ስናገር ዛሬም ደረቴ ይነፋል። ይነፋ።

አንድ መስከረም ላይ ከፍ ያለ መኪና ስገዛ ፒካፗን ለአንድ የቡራዩ ሰው ሸጥኳት። ስማቸውን አልጠራም፣ ኦቦ እከሌ ልበላቸው። በዕድሜ ከአባቴ የሚስተካከሉ፣ ከመናገሻና ከዚያ ወዲያ ካሉ ገበሬዎች ድንችና ጎመን ገዝተው ቡራዩ ገበያ የሚያወርዱ ነጋዴ ናቸው። ሊብሬውን ሳስረክባቸው የመኪናዋን ጉድለት ቆጥሬ ነገርኳቸው፤ ፍሬኗ በዝናብ ትንሽ እንደሚዘገይ፣ የኋላ በሯ ከውጭ በቁልፍ እንደማይከፈት።

"ሞተሯ ግን እጅ አልገባበትም" አልኳቸው።

"ኢንተለ ኮ፣ ቃልሽ ይበቃኛል" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ቃሌ የበቃቸው ለአምስት ወር ያህል ብቻ ነበር።

ያ ዓመት ማስተር ፕላን የሚባለው ነገር በየቤቱ የገባበት ዓመት ነው። ከተማው ሊሰፋ ነው፣ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ሊዋጡ ነው ተባለ። ወተት የሚያመጡልኝ ሰዎች ስለ ላሞቻቸው ማውራት ትተው ስለ መሬታቸው ማውራት ጀመሩ፤ መሬት የሌለው ሰው ላሙን የት ያቆማል? ከኅዳር በኋላ የመንገድ መዘጋት፣ የጎማ ጭስና የወታደር ምልልስ የየዕለት ነገር ሆነ። ከምናውቃቸው ልጆች የታሰሩ አሉ፣ የተቀበሩም አሉ። ሰበታ ፋብሪካ የምትሠራው እህቴ ከቤት መውጣት አቅቷት ሳምንት ሙሉ በስልክ ብቻ ነበር የምንገናኘው።

መኪና ያለው ሰው ሁሉ ያን ጊዜ አንድ ነገር ተማረ፤ የባሕር ዛፍ ወይም የጥድ ቅርንጫፍ ቆርጦ መኪናው ላይ ማሰር። ቅጠል ያሰረ ከሕዝቡ ጋር ነው፣ ይለፍ ይባላል። ያላሰረ መስታወቱን ይሰናበታል። እኔም አሰርኩ። ከልቤም ነበር፣ ከፍርሃቴም ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ የጠየቀኝ የለም።

አንድ ጠዋት ወተት እየለካሁ ስልኬ ጮኸ። ኦቦ ነበሩ።

"መኪናሽ ትፈላለች" አሉኝ። እንዴት አደርሽ የለ፣ ቤተሰብ ደህና ነው የለ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሰላምታ ከዘለለ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው።

"መኪናዬ አይደለችም፣ የእርስዎ ናት" አልኩ።

ይህን ባልል ይሻለኝ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እኔ ቤት ደግሞ የሚጠፋው ሌላ ነው እንጂ ቅቤ አይደለም፣ ግን አልታሸልኝም።

"መካኒክ አይቷታል። ሞተሯ ተከፍቶ የተለጠፈ ነው ብሏል። ዋሽተሽኛል።"

"መካኒክዎ ዓይኑን ይታከም!" ብዬ ዘጋሁት። በአባቴ ዕድሜ ባሉ ሰው ጆሮ ላይ ስልክ ዘጋሁ። አባቴ በሕይወት ቢኖር በዚያች ቀን ቤት አያስገባኝም ነበር።

ወሬው ግን ሱሉልታ ለመግባት ቅጠል አላስፈለገውም። ፉርሽካ የሚያመላልሱ ነጋዴዎች ይዘውት መጡ፦ ወተት ሰብሳቢዋ ለአንድ ሽማግሌ የተለጠፈ መኪና ያልተነካ ነው ብላ ሸጠችላቸው። ሳምንት ሳይሞላ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ወተት ያመጣችልኝ ሴት ለክቼ ስጨርስ ቆም አለችና "እስኪ ድገሚው" አለችኝ።

ደገምኩላት። ልክ ነበር። በማግስቱ ሌሎች ሁለት ሰዎች ድገሚው አሉ። በሦስተኛው ቀን አንዱ ጭራሽ አልመጣም፤ ወተቱን ለሌላ ሰብሳቢ ወስዶ ሰጠ። የኔ ሥራ እንዲህ ነው፤ ገበሬው አልቦ ያመጣል፣ ስንት ሊትር እንደሆነ ግን የምነግረው እኔ ነኝ። ቃሌ ካልታመነ ወተትም የለም፣ መኪናም የለም፣ እኔም የለሁም። ከሰልፉ ኋላ "ድሮስ ሴትና መኪና" የሚል ድምፅም ሰምቻለሁ። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ የሚለውን ተረት ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ባገኘው የምነግረው አለኝ።

በዚያ ሰሞን ነው ሦስት ሽማግሌዎች ከቡራዩ የመጡት። ኦቦ ልከዋቸው ነው። ወተት የምቀበልበት ቤት በር ላይ ቆሙ፤ ግቡ ብል፣ ተቀመጡ ብል እምቢ አሉ።

"እሰማለሁ ካላልሽ አንቀመጥም" አሉ ከሦስቱ በዕድሜ የሚበልጡት።

"እሰማለሁ" አልኩ። ተቀመጡ። ትኩስ ወተት አቀረብኩላቸው። ጠጡ፣ ዝናብ ስለመቅረቱ አወሩ፣ ስለ መንገዱ አወሩ፣ ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ወደ ነገሩ ገቡ።

"ወዳጃችን እንዲህ ይላል። ሞተሯ ያልተከፈተ ነው ብላኝ ነበር፣ ተከፍቷል። ወይ መኪናዋን መልሳ ትውሰድ፣ ወይ ትማል።"

"እኔ አልምልም" አልኩ።

ተያዩ። እኛ አካባቢ መሐላ እምቢ ያለ ሰው ጥፋቱን ያመነ ያህል ነው የሚቆጠረው፤ ያንን አውቃለሁ። ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያለ መሐላ የታመነ ቃሌን አንድ መካኒክ ስላወራ መጽሐፍ ላይ አላስቀምጠውም ብዬ ደሜ ፈላ። ከመኪናዋ በፊት የፈላሁት እኔ ነኝ።

"ነገ ቡራዩ እመጣለሁ" አልኩ። "እናንተም ኦቦም ትሳፈራላችሁ፣ እኔ እነዳለሁ። ሞተሯ እጅ የገባበት ከሆነ እዚያው ተረክቤያት አንገቴን ደፍቼ እመለሳለሁ።"

"ካልሆነስ?"

"ካልሆነ ያን ጊዜ እኔ እጠይቃለሁ።"

ትልቁ ሽማግሌ ፈገግ አሉና "እንግዲህ ነገ" ብለው ተነሡ።

በማግስቱ በታክሲ እንጦጦን ወርጄ በአስኮ በኩል ቡራዩ ገባሁ። ፒካፗ ከኦቦ በር ላይ ቆማለች። ሳያት ሆዴ ባባ፤ ሰው ከብቱን ሸጦ ገበያ ውስጥ ሲያገኘው እንደሚሆነው። ግንባሯ ላይ ትልቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ታስሯል። አየሁትና አለፍኩት። ያን ሰሞን የሚገርመኝ ቅጠል የሌለው መኪና ነበር።

"አካም ቡልተኒ?" አልኳቸው ኦቦን፣ እንዴት አደሩ።

"ነጋ" አሉ፣ ደህና።

ኦቦ ከጎኔ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከኋላ ተቀመጡ። ወንበሩን ወደ መሪው ሳስጠጋ፣ መስታወቱን ወደ ቁመቴ ሳወርድ ሁሉም ያዩኛል። ሞተሯ በአንድ ቁልፍ ተነሣች። ድምጿን አውቀዋለሁ፤ የታመመች መኪና ድምፅ አልነበረም። በውስጤ፣ አሁን ታያላችሁ አልኩ።

እስከ ገፈርሳ ጥሩ ሄድን። የግድቡን ውሃ አልፈን ዳገቱን ስንጀምር የሙቀት መለኪያው ቀስት ተነቃነቀ። ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ወጣ። ማርሽ ቀየርኩ፣ ቀስ አልኩ፣ ምንም። ቀዩ መስመር ላይ ሲደርስ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ብቅ አለ። ዳር ያዝኩና አጠፋኋት።

"አየሽ?" አሉ ኦቦ። ይህችን ብቻ።

እውነቴን ነው የምለው፣ ለአፍታ ራሴን ተጠራጠርኩ፤ አንድ ጊዜ ጋራዥ ትቻት ሳድር ሳላውቅ ከፍተዋት ይሆን? ስሜ እዚያ መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፍ መሃል የሚቀር መሰለኝ። መናደድ ለምጃለሁ፣ ማፈር ግን አልለመድኩም።

ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሽማግሌዎቹም ወረዱ። ሞተሯን ዙሪያዋን ዳበስኩ፤ ዘይት የወጣበት የለም፣ የተነካ ብሎን የለም፣ ቀለሙ እንኳ እኔ የተውኩት ቀለም ነው። ታዲያ ምን ሆነች? ጎንበስ ብዬ በራዲያተሩ በኩል ወደ ፊት አየሁ። ድሮ በየሳምንቱ እንዲህ አያት ነበር፤ የሱሉልታ ገለባ ስለሚገባባት። ንጹሕ ራዲያተር ከሆነ በቀጫጭን ቀዳዳዎቹ የውጭው ብርሃን ይታያል። የዚያን ቀን ጨለማ ነበር።

ወደ ፊት ዞርኩና ቅጠሉን ያዝኩት።

"እሱን ተዪው!" አሉ ኦቦ ደንግጠው።

አልተውኩትም። ላይኛው ለምለም ነው፣ የዚያን ዕለት ጠዋት የተቆረጠ። እሱን ስፈታ ሥሩ የጠወለገ ሌላ አለ። ከሱ ሥር የደረቀ። ከደረቀው ሥር የበሰበሰ፣ ከጭቃና ከፌስታል ጋር ተጋግሮ የመኪናዋን አፍና አፍንጫ የደፈነ። በእፍኜ እየዛቅሁ ቦዩ ውስጥ ጣልኩት፤ ዘጠኝ ነው አሥር እፍኝ ወጣ። ከውስጡ የሞተ ቢራቢሮ ሁሉ ነበረበት።

"ኦቦ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"ቅጠል ነዋ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

አሰቡ። "ቅጠልዎ ደርቋል፣ የትናንት ነው ብለው አንድ ቀን ወጣቶቹ መንገድ ላይ አቆሙኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አዲስ አስራለሁ።"

"አሮጌውንስ?"

አሮጌውን ለማንሣት ፈርተው ነበር፤ አንዷን ደቂቃ ያለ ቅጠል ላለመታየት። ትልቁ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ቦዩን አዩ፣ ኦቦን አዩ፣ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "መኪናዋን ለሁለት ወር አፍነህ ይዘህ ለምን ፈላች ትላለህ?" አሏቸው። መካኒኩስ? እሱም እንደ እኔ ቅጠሉን አይቶ አልፎታል። ያን ሰሞን የሁላችንንም ዓይን ቅጠል ጋርዶት ነበር።

እኔ አልሳቅኩም። "ገና አልጨረስንም" አልኩ። ሞተሯ እስክትበርድ ጠብቀን ውሃ ሞላሁ። "ዳገቱን እስከ መናገሻ እንወጣለን፣ ያኔ ትፈርዳላችሁ።"

ኦቦ አልሳፈርም አሉ። "ያለ ቅጠል? ኩርባው ላይ ድንጋይ ይጠብቀናል።" እውነታቸውን ነበር። መንገዱ ባዶ ነው፣ ከወደ ላይ የጎማ ጭስ ይሸታል። እኔም ፈርቼ ነበር። ግን ነገሩን በግማሽ ትቼ ብመለስ፣ ሱሉልታ የሚደርሰው ወሬ ፈልታ ቆመች የሚለው ብቻ ነው።

ለምለሙን ቅርንጫፍ ሦስት ቦታ ሰበርኩና ለሽማግሌዎቹ አደልኳቸው። "በየመስኮቱ ይያዙልኝ" አልኩ።

ኦቦም ይህን ሲያዩ ተሳፈሩ፤ እንዲህ አድርገን ሄድን። እኔ መሪውን፣ ኦቦ የበራቸውን እጀታ ጨብጠን፣ ከኋላ ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ ቅጠል አውጥተው። መንገድ ላይ የወታደር መኪና ከፊታችን ብቅ ሲል ሦስቱም ቅጠላቸውን ወደ ውስጥ ሳቡና ጉልበታቸው ሥር ደበቁ፤ ሲያልፍ መልሰው አወጡ። በዚያ ዓመት እንዲህ ነበር የምንኖረው፤ አንዱን ላለማስቆጣት የያዝከው ነገር ሌላውን ያስቆጣል።

ኩርባው ላይ ድንጋዩ ተደርድሯል። ወጣቶች ቆመዋል፣ አንዳንዶቹ እጃቸው ባዶ አይደለም። አንዱ ወደ ግንባሯ እያየ መጣ።

"ቅጠሉ ለምን ከፊት የለም?" አለኝ በኦሮምኛ።

"መተንፈስ አቅቷት ነው" አልኩት በዚያው ቋንቋ። "አባቶች ይዘውላታል።"

ወደ ኋላ ተመለከተ። ትልቁ ሽማግሌ ቅጠላቸውን ከፍ አድርገው "ፈያ ጅርቱ፣ ልጆቼ" አሏቸው፤ ደህና ናችሁ ወይ። ልጁ ባርኔጣውን አወለቀ። ድንጋዩን ከፈቱልን። አንዱ እንዲያውም ለመኪናዋ እግዜር ይማርሽ አላት።

እስከ መናገሻ ሙሉውን ዳገት ወጣን። ቀስቱ መሃል ላይ ተቀምጦ ንቅንቅ አላለም። እዚያ ስደርስ ሳላጠፋት ወረድኩ፣ ኮፈኑን ከፈትኩና "ኑ፣ እዩ" አልኩ። አንድ በአንድ መጥተው አዩ። ሞተሯ እንደ ልማዷ ለስልሳ ትሠራለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔው ግማሽ ቀን ነው የፈጀበት። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት የኮራሁበት ጊዜ ካለ አላስታውስም።

ሽማግሌዎቹ ፈቀቅ ብለው ተመካከሩና ተመለሱ። "ጥፋቱ የሱ ነው" አሉ ትልቁ። "ስምሽን በከንቱ አንሥቷል። በግ ይዞ ይምጣና ይታረቅሽ።"

"በግ አልፈልግም" አልኩ።

"ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ስሜን ሱሉልታ ላይ መልሱልኝ። ወሬው የደረሰው እዚያ ነው። ወተት ስቀበል፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያለ፣ ኦቦ ራሳቸው መጥተው ይናገሩ።"

ኦቦ መንገዱን ያዩ ነበር። "ሽማግሌ ነው እኮ፣ ልጄ" አሉ ሌላው። "ሰው ፊት አይቁም። እኛ መጥተን እንንገርልሽ።"

"ስሜን ያጠፉት እናንተ አይደላችሁም።"

ጨካኝ ልትሉኝ ትችላላችሁ፤ እህቴም ብላኛለች። ግን ድገሚው የተባልኩት እኔ ነኝ። በመጨረሻ ኦቦ ራሳቸው "እመጣለሁ" አሉ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ለቀናት ተዘጋ። ቀሩ ብዬ ነበር። አንድ ሐሙስ ጠዋት ግን ሰልፉ ከበር አልፎ ደጅ በወጣበት ሰዓት ብቻቸውን ከታክሲ ወረዱ። ሰላም አሉን፣ የሁሉንም ቤተሰብ ጠየቁ፣ ከዚያ መሃል ላይ ቆሙ።

"ይህቺን ልጅ ዋሸችኝ ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ" አሉ። "አልዋሸችኝም። ሞተሩ እንደነገረችኝ ነው። መኪናዋን ያፈንኳት እኔ ነኝ፣ በገዛ ቅጠሌ።"

እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገሯቸው፤ በየቀኑ ማሰራቸውን፣ አሮጌውን አለማንሣታቸውን፣ በእፍኝ የወጣውን። ሰው አፈረላቸው። ያቺ ድገሚው ያለችኝ ሴት እጄን ጎተት አድርጋ "ይበቃል በያቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው" አለችኝ በሹክሹክታ። አላልኩም። እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።

የጨረሱ መስሎኝ "ገለቶማ፣ ያክብርልኝ" ልል አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ።

"አንድ አንቺ ያልጠየቅሽኝ ቀርቷል" አሉኝ። "መካኒኩ ተከፍታለች ሲለኝ ወዲያው አመንኩት። የሸጠልኝ ወንድ ቢሆን ኖሮ፣ እስኪ መጀመሪያ ልይ ብዬ ኮፈኑን ራሴ እከፍት ነበር። ሴት ስለሆንሽ አልከፈትኩም።"

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስጠረጥረው የኖርኩትን ነገር አንድ ሰው በራሱ አፍ፣ ሳይገደድ፣ ሰው ፊት ሲናገረው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

ሰልፉ ውስጥ የነበሩት ወንዶች በሙሉ አጎንብሰው ወተታቸውን ማየት ጀመሩ። እኔ ቀና ብዬ አንድ በአንድ አየኋቸው።